ስለ አሮጌ ጀልባ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ፤ ጕዳቱና አጠጋገኑ

የእርሻ ሥራ በማሳ ላይ ተጀምሮ በማሳ ላይ የሚያልቅ አይደለም። የተወቃው እህል ከገበያ እስኪደርስ፣ ከውሃ የወጣውም ዓሣ ከሚበላው ሰው እጅ እስኪገባ ድረስ፣ የገበሬውና የአስጋሪው ድካም ገና አልተፈጸመም። በሐይቅ ዳር ባሉት ወረዳዎች ይህን ድካም ወደ ፍጻሜው የሚያደርሰው ጀልባ ነው። በጣና ዙሪያ ከደሴቱና ከዘጌ ምድር የሚነሣው ቡናና እንጨት፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በአባያና በጫሞ የሚጠመደው ዓሣ፣ እንደዚሁም ከ2012 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ ኋላ በተኛው አዲስ ውሃ ላይ የሚሠራው ማስገር፣ ሁሉም በጀልባ ደኅንነት የተደገፈ ነው። ስለዚህ የጀልባ ነገር የባለ ጀልባው ብቻ ሳይሆን የአገር አስተዳዳሪውና የወረዳው ሹም ጉዳይም ነው።

ከጀልባ ክፍሎች ሁሉ ትንሹና የተናቀው፣ ነገር ግን ብዙ ጥፋት ሊያመጣ የሚችለው፣ ከበስተኋላው ታችኛ ጫፍ ላይ ያለው የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ነው። እነሆ፣ ይህ ጽሑፍ ቀዳዳው እንዴት እንደሚበላሽ፣ ጕዳቱ እንዴት እንደሚመረመርና እንዴት እንደሚጠገን፣ ሹማምንትም በዚህ ነገር ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ይገልጻል።

ስለ ታንኳና ስለ ጀልባ ልዩነት

ጣና ከጥንት ጀምሮ የደንገል ታንኳ አገር ነው። ታንኳ ውሃ ቢገባበትም ወዲያው አይሰጥምም፤ የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ራሱ ነውና። ጠላቱ ቀዳዳ ሳይሆን እርጥበት ነው። ስለዚህ ባለ ታንኳው ከውሃ በወጣ ጊዜ ታንኳውን ወደ ዳር ስቦ በፀሓይ ያደርቃል። ውሃ የጠገበ ደንገል እንደሚከብድና እንደሚበሰብስ ከአባቱ ተምሮአልና።

ጀልባ ግን የሚንሳፈፈው በውስጡ ባለው ባዶ ስፍራ ነው። ያ ባዶ ስፍራ በውሃ ከተሞላ ይሰጥማል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ሞተር ያላቸው የማስገሪያ ጀልባዎችና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ከገቡ ወዲህ የጀልባው ዓይነት እየበዛ ሄዶአል። ከእነዚህም አያሌዎቹ ፋይበርግላስ ከሚባለው፣ ከመስታወት ክርና ከሙጫ ከሚሠራው ነገር የተበጁ ናቸው። እንዲህ ያለው ጀልባ ከውጭ ሲታይ እንደ ሸክላ የጠነከረ፣ መበስበስም የማያውቀው ይመስላል። ነገር ግን በብዙዎቹ አሮጌ ጀልባዎች ሞተሩ የሚንጠለጠልበት የኋላ ግድግዳ በውስጡ እንጨት፣ ይልቁንም ኮምፔንሳቶ አለው። ፋይበርግላሱ ይህን እንጨት እንደ ልብስ ሸፍኖት ይኖራል። እንግዲህ ባለ ታንኳው የሚያውቀውን የእርጥበት ጠላትነት ባለ ጀልባው የሚረሳው እንጨቱ ከዓይኑ ስለ ተሰወረ ነው።

የማፍሰሻው አሠራር

ጀልባው ወደ ዳር በወጣ ጊዜ ዝናም፣ የማዕበል ፍንጣቂና የዓሣ እጥበት በሆዱ ተጠራቅሞ እንዳይቀር፣ ከኋላ ግድግዳው ግርጌ አንድ ቀዳዳ ይበሳል። ስፋቱ በብዙ ጀልባ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቀዳዳው እንጨቱን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ውሃ የእንጨቱን ልብ እንዳያገኘው፣ በነሐስ ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ይለበሳል። የቱቦው ጫፍ ወደ ውጭ የተዘረጋ ከንፈር አለው። ከንፈሩ በብሎን ተጣብቆ፣ ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ማሸጊያ ይቀባል። በመጨረሻም ቱቦው ውስጥ የጎማ ወይም ጥርስ ያለው ውታፍ ይገባል።

ስለዚህ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራ እንዳለ ልብ ማድረግ ያስፈልጋል። ውታፉ የሐይቁን ውሃ ከጀልባው ሆድ ይከለክላል። ቱቦውና ማሸጊያው ግን ውሃን ከእንጨቱ ይከለክላሉ። ውታፉ ቢጠፋ ባለቤቱ ያንኑ ዕለት ያውቀዋል። ቱቦው ቢሰነጠቅ ወይም ማሸጊያው ቢለቅ ግን ለብዙ ዓመት ሳያውቀው ይኖራል።

የጕዳቱ ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያት የብረቱ ዓይነት ነው። ከመዳብና ከቆርቆሮ የተቀላቀለው እውነተኛ ነሐስ በውሃ ውስጥ ብዙ ዘመን ይቈያል። ከመዳብና ከዚንክ የተሠራው ቢጫ ብረት ግን ዚንኩ ቀስ በቀስ ይለቅና፣ የሚቀረው መዳብ ቀላ ብሎ፣ በውስጡም ባዶ ሆኖ፣ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል። ይህ በጨዋማ ውሃ ይፈጥናል፤ በጣፋጭ ውሃ ይዘገያል። በአሮጌ ጀልባ ግን መዘግየቱ ከመድረስ አያድነውም።

ሁለተኛው የማሸጊያው እርጅና ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ስለ ሆነ ፀሓዩ ጎማንና ማሸጊያን ቶሎ ያደርቃል። የደረቀ ማሸጊያ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ውሃ ይገባል።

ሦስተኛው አያያዝ ነው። ጀልባውን በድንጋያማ ዳር ላይ በኃይል ሲጎትቱት ዝቅ ብሎ ያለው ከንፈር ይመታል። ውታፉ እንቢ ባለ ጊዜ በድንጋይ ወይም በመዶሻ የሚመታ ሰው ደግሞ ቱቦውን በቦታው ያናጋል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ የታየው እንቦጭም ሥሩና ቅጠሉ በጀልባው ሆድ ሲከማች ማፍሰሻውን ይዘጋል። ያን ጊዜ በብረት ዘንግ መጎርጎር የቱቦውን ውስጥ ይቧጥጠዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው የእንጨቱ መበስበስ ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው የሻጋታ ዓይነት ያለ እርጥበት አይኖርም። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቁ እንጨት ክብደት ከመቶ 20 እጅ በታች ሲሆን መበስበሱ ይቆማል። ጣፋጭ ውሃም ከጨው ውሃ ይልቅ ለዚህ ሻጋታ ይመቸዋል። ስለዚህ በሐይቅ የሚሠራ ጀልባ ከባሕር ጨው ስለ ዳነ ከመበስበስም የዳነ አይምሰለው።

ትንሹ ቀዳዳ የሚያስገባው ውሃ

ብዙ ሰው ቀዳዳው ትንሽ ስለ ሆነ አደጋውም ትንሽ ይመስለዋል። ነገሩ ግን በሚዛን ሲታይ እንዲህ ነው። ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ከውሃው ፊት 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢከፈት፣ በመጀመሪያ በየደቂቃው 35 ሊትር ያህል ውሃ ያስገባል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለ ሆነ፣ በሦስት ደቂቃ አንድ ኩንታል፣ በግማሽ ሰዓትም 10 ኩንታል ያህል ይሆናል።

አንድ ባለ ጀልባ 10 ኩንታል ጤፍና ስድስት ሰዎች ጭኖ ወደ ገበያ ቢነሣና ውታፉ በመንገድ ቢወልቅ፣ ማንም ሳያየው በግማሽ ሰዓት ውስጥ የጤፉን ያህል ክብደት ይጨመርበታል ማለት ነው። ባለ 10 ሊትር ባልዲ የያዘ ሰው ውሃው እንዳይጨምር ብቻ በየደቂቃው ከሦስት ባልዲ በላይ ያለ ዕረፍት መቅዳት አለበት። ከዚህም በላይ ጀልባው በከበደ መጠን ቀዳዳው ወደ ጥልቅ ይወርዳል። በሆዱ ያለው ውሃ ደግሞ ማዕበል በመታው ቍጥር ወደ አንድ ወገን እየሮጠ ጀልባውን ሊገለብጠው ይችላል። በጣና ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲበረታ ይህ አደጋ እጅግ የከፋ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚጠፋው እህል ብቻ አይደለም።

ስለ ምርመራ

ምርመራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ወስፌ፣ አንድ መዶሻና አንድ ባልዲ ይበቃል።

በመጀመሪያ ጀልባው በዳር ላይ ሳለ ውታፉን ገጥሞ ከውስጥ ወደ ማፍሰሻው በኩል አንድ ስንዝር የሚሆን ውሃ ማፍሰስ፣ ከዚያም ከውጭ ሆኖ መመልከት ነው። ውሃው በውታፉ ዙሪያ ቢወጣ ጥፋቱ የውታፉ ነው። ከከንፈሩ ሥር ቢወጣ ማሸጊያው ለቆአል። ከማፍሰሻው ርቆ ካለ ስንጥቅ ወይም ከሌላ ብሎን ሥር ጠብታ ቢታይ ግን፣ ውሃው በእንጨቱ ውስጥ መንገድ አበጅቶአልና ነገሩ ከባድ ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃውን አፍስሶ የኋላውን ግድግዳ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ መምታት ነው። ጤነኛው ግድግዳ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ አለው። ሦስተኛ፣ ከታችኞቹ ብሎኖች አንዱን ፈትቶ በቀዳዳው ወስፌ ማስገባት ነው። እንጨቱ ወስፌውን ካልተቀበለው ደኅና ነው። እንደ እርጥብ ዳቦ ቢለቅለት፣ ወይም ወስፌው ጥቍርና የሸተተ ነገር ይዞ ቢወጣ፣ እንጨቱ ታምሞአል። አራተኛ፣ ሞተሩን ከታች ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መወዝወዝ ነው። ከሞተሩ ጋራ ግድግዳው የሚተጣጠፍ ከሆነ ያ ጀልባ ሰው መጫን አይገባውም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው። የተሰበረው ቱቦ ምልክቱ ነው እንጂ በሽታው አይደለም። በሽታው በእንጨቱ ውስጥ ነው። ቱቦውን ብቻ ለውጦ እርጥቡን እንጨት በአዲስ ማሸጊያ የሚከድን ሠራተኛ፣ ቍስልን ሳያጥብ በጨርቅ እንደሚጠመጥም ሰው ነው። ውሃው እንዳይወጣ ዘጋበት እንጂ እንዳይገባ አልከለከለውም።

አሮጌውን ቱቦ ስለ ማውጣት

ጀልባው ከውሃ ይወጣና የፊቱ ጫፍ ከፍ ብሎ፣ የኋላው ዝቅ ብሎ በእንጨት ላይ ይቀመጣል። ሞተሩና የነዳጁ ዕቃ ይነሣሉ። ብሎኖቹ ይፈታሉ። እንቢ ያለው ብሎን ራሱ በመሰርሰሪያ ይበሳል እንጂ በጕልበት አይነቀልም። የቱቦው ከንፈር በሞረድ ይከረከምና ቱቦው ወደ ሌላው ወገን ቀስ ተብሎ ይገፋል። በመሮ ከፋይበርግላሱ ላይ ተደግፎ መፈንቀል ጤነኛውን ልብስ ይሰነጥቃልና አይገባም። ፋይበርግላስ የሚሞርድ ሰው አፍንጫውንና አፉን ይሸፍን፤ ብናኙ ሳንባን ይጎዳልና።

ቱቦው ከወጣ በኋላ የእንጨቱ ልብ በቀዳዳው ይታያል። ጠቁሮ የላላው ክፍል በመሮና በመንጠቆ እየተጫረ ጠንካራው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ይወጣል። የተበላሸው በቀዳዳው ዙሪያ ጥቂት ጣት የሚያህል ከሆነ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጥገና ይበቃዋል። ነገር ግን መበስበሱ ከመዳፍ ስፋት አልፎ ወደ ሞተሩ መንጠልጠያ የሄደ እንደ ሆነ፣ ግድግዳው ተከፍቶ እንጨቱ በሙሉ ሊለወጥ ይገባዋል። በዚህ ጊዜ ቀዳዳውን ብቻ መድፈን ራስን ማታለል ነው።

ስለ ማድረቅ

ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚያስፈልገው ይህ ክፍል ነው። ኤፖክሲ የሚባለው ሙጫ በእርጥብ እንጨት ላይ አይጣበቅም። ቢጣበቅም እርጥበቱን በውስጡ ዘግቶ መበስበሱን ይቀጥላል። ስለዚህ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ነፋስና ፀሓይ እንዲያገኘው ይደረጋል። ሌሊት ጤዛና ዝናም እንዳያገኘው ይሸፈናል። እንደ እንጨቱ እርጥበት ሥራው ከጥቂት ቀን እስከ ብዙ ሳምንት ይፈጃል። ለማፍጠን ብሎ እሳት ማቅረብ ፋይበርግላሱን ያቃጥላል፤ የነዳጅም ጋዝ ካለ ሰውን ያጠፋል።

እንጨቱ መድረቁ በቀላል መንገድ ይታወቃል። ማታ በቀዳዳው አፍ ላይ ጥርት ያለ ላስቲክ ዙሪያውን ተጣብቆ ያድራል። በማግሥቱ በላስቲኩ ውስጥ የውሃ ጠል ከታየ እንጨቱ ገና ነው። ተከታትሎ ለብዙ ቀን ጠል ካልታየ ሥራው ወደ ፊት ሊሄድ ይችላል።

ብዙ ጥገና የሚበላሸው በዚህ ስፍራ ነው። ገበያ ቀርቦአል፣ መረቡ ይጠብቃል፣ ወይም ጀልባው ለመንግሥት ሥራ ይፈለጋል እየተባለ እርጥቡ እንጨት ይደፈናል። ከዓመት በኋላ የሚመጣው ኪሣራ ግን ያን ጊዜ ከተረፈው ጥቂት ሳምንት እጅግ ይበልጣል።

ቀዳዳውን ስለ መድፈንና እንደ ገና ስለ መብሳት

እንጨቱ ከደረቀ በኋላ ቀዳዳው ከቱቦው ስፋት በዙሪያው አንድ ጣት ያህል ይሰፋል። ሙጫውና ማጠንከሪያው የሠሪው መመሪያ ባዘዘው ልክ ይመጠናሉ። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር ሙጫውን ደካማ ያደርገዋል እንጂ አይጠቅምም። የሚሠራው ሰው ጓንት ያድርግ፣ አየር ባለበትም ይሥራ።

በመጀመሪያ ያልወፈረ ቀጭን ሙጫ ለእንጨቱ በብሩሽ ይቀባና እስኪጠግብ ይጠጣል። ቀጥሎ ሙጫው እንደ ወፍራም ገንፎ እስኪሆን ድረስ በተነፋ ደቃቅ ሰጋቱራ ወይም ለዚሁ በተሠራ ዱቄት ይለወሳል። ከውጭ በኩል በላስቲክ የተሸፈነ ሳንቃ ተደግፎ ቀዳዳው ከውስጥ ይሞላል። ሙጫው ሲጠነክር ከራሱ ሙቀት ያወጣል። ብዙ ሆኖ በአንድ ጊዜ ቢፈስ ሊፈላና ሊጨስ ይችላል። ስለዚህ በቀጫጭኑ እየተደራረበ ይሞላል። የብሎኖቹም አሮጌ ቀዳዳዎች እንደዚሁ ይሞላሉ። በደጋ አገር ብርድ ሙጫውን ስለሚያዘገየው ሙሉ ቀን፣ ቢቻልም ከዚያ በላይ፣ ሳይነኩት ይቆያል።

ከጠነከረ በኋላ ፊቱ በውሃ ታጥቦ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ከዚያም በሙጫው መካከል አዲሱ ቀዳዳ ለቱቦው ልክ ይበሳል። መሰርሰሪያው የሚያወጣው ብናኝ የሙጫው ብቻ ሊሆን ይገባዋል። የእንጨት ብናኝ ቢወጣ ወይም በቀዳዳው ግድግዳ ላይ እንጨት ቢታይ ሥራው እንደ ገና ይደገም። የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ ይህ ነው፤ ወደ ፊት ቱቦው ቢሰበር እንኳ ውሃው የሚያገኘው ሙጫን እንጂ እንጨትን አይሆንም።

አዲሱን ቱቦ ስለ መግጠም

አዲሱ ቱቦ ከእውነተኛ ነሐስ ወይም ለጀልባ ከተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሁን። ለቤት ውሃ የተሠራ ርካሽ ቢጫ ብረት አይገባም። ማሸጊያው ከውሃ በታች እንዲሠራ የተደረገው የፖሊዩሪቴን ዓይነት ይሁን። በየሱቁ የሚገኘው ተራ ሲሊኮን ለዚህ ስፍራ አይበጅም። ሲለቅም በፊቱ ላይ የሚተወው ቅባት ሌላ ማሸጊያ እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

ማሸጊያው በቱቦው ዙሪያ፣ በከንፈሩ ሥርና በእያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ ይቀባል። ቱቦው ገብቶ ብሎኖቹ ተራ በተራ ይጠበቃሉ። በኃይል ማጥበቅ ማሸጊያውን በሙሉ ያስወጣዋልና፣ ከከንፈሩ ሥር ስስ ሽፋን እንዲቀር ተደርጎ በልክ ይጠበቅ። በዙሪያው እኩል ሆኖ የወጣው ማሸጊያ በጨርቅ ይጠረጋል። ማሸጊያው እስኪጠነክር ለሚያስፈልገው ቀን ሁሉ ጀልባው ወደ ውሃ አይገባም። ኤፖክሲ ፀሓይ ስለሚጎዳው በገላጣ የቀረው ፊት ቀለም ይቀባል። በመጨረሻም በምርመራው እንደ ተነገረው ውሃ ከውስጥ ፈስሶ ይፈተናል።

ስለ ብረትና ስለ ሳንቃ ጀልባ

የብረት ጀልባ የሚበሰብስ እንጨት የለውም፤ ነገር ግን በማፍሰሻው ዙሪያ ጭቃና ውሃ ስለሚቈይ ያ ስፍራ ከሌላው ቀድሞ ይዝጋል። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ይፋቅና በመዶሻ ይመርመር። የሳሳው ብረት ተቈርጦ ወጥቶ አዲስ ይበየዳል። ከመበየድ በፊት ነዳጁ ከጀልባው መውጣቱ፣ ሆዱም አየር ማግኘቱ ግድ ነው። የነሐስ ቱቦ በብረት ጀልባ ላይ ያለ መለያ መግጠም አይገባም። ሁለቱ ብረቶች በውሃ ውስጥ ሲነካኩ ነሐሱ ይድናል፣ የጀልባው ብረት ግን ይበላል።

ከሳንቃ የተሠራውን ጀልባ በተመለከተ አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ጀልባ ብዙ ሳምንት በፀሓይ ከቆየ ሳንቃዎቹ ይሸሻሉ፤ መጋጠሚያቸውም ይከፈታል። ስለዚህ የሚደርቀው የቀዳዳው ዙሪያ ብቻ ነው። የቀረው አካል በጥላ ሥር ይቀመጥ።

በውሃ ላይ ሳሉ ውታፉ ቢወልቅ

በመጀመሪያ ማንም አይቁም፤ ሰዎቹ ተቀምጠው አንድ አንድ እያሉ ወደ ፊት ይጠጉ፣ ጭነቱም ከተቻለ ወደ ፊት ይሳብ። የኋላው ቀለል ሲል ቀዳዳው ወደ ውሃው ፊት ይቀርባል፤ የሚገባውም ውሃ ይቀንሳል። ከዚያ ከልል እንጨት እንደ ካስማ ተሹሎ የተዘጋጀ ውታፍ ከውስጥ ይመታበታል። እርሱ ከሌለ ግራሶ የተቀባ ጨርቅ በዱላ ተጠቅልሎ ይገባል። ይህ ግን ወደ ቅርቡ ዳር ለመድረስ ነው እንጂ ጕዞ ለመቀጠል አይደለም። ጀልባው ሲሮጥ ውታፉን ነቅሎ ውሃ ማፍሰስ የሚባለው ልማድም አደገኛ ነው። ሞተሩ በድንገት ቢጠፋ የሚወጣው ውሃ ተመልሶ ይገባልና።

የሹማምንት ተግባር

አንደኛ፣ በየወደቡ ያሉት ጀልባዎች ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመርመሩ። አንዱ በጥቅምት፣ እህል መጫን ከመጀመሩ በፊት ነው። ሁለተኛው በየካቲት፣ ጭነቱ ከቀነሰ በኋላ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ፀሓዩ ስለሚበረታ ለማድረቅና ለመጠገን የተመቸ ነው። ጥገናው ከሰኔ በፊት ይፈጸም።

ሁለተኛ፣ ማፍሰሻው በጨርቅ ብቻ የተወተፈ ጀልባ ሰውም እህልም አይጫንበት። ውታፉ በገመድ ከጀልባው ጋራ የታሰረ፣ ሌላም ትርፍ ውታፍ፣ ባልዲና ለእያንዳንዱ ሰው የሚያንሳፍፍ ጃኬት ያለው መሆኑ ይረጋገጥ።

ሦስተኛ፣ ጀልባው ለመድረቅ በዳር በተቀመጠ ጊዜ ሹሙ ለራሱ ጕዞም ሆነ ለመንግሥት ጭነት አያስገድደው። ባለ ጀልባውን «ቶሎ ደፍነህ አምጣ» የሚል ትእዛዝ ጀልባውንም ሰውንም የሚያጠፋ ትእዛዝ ነው። ይልቁንም ጎረቤቶቹ በተራ ጭነቱን እንዲያደርሱለት ቢያስማማ መልካም ነው። ደህና የሚመጣው እንዲህ ባለው መተጋገዝ ነውና።

አራተኛ፣ በየወደቡ ቢያንስ አንድ ጠቢብ ይህን ሥራ እንዲማር ይደረግ። ማኅበራትም ሙጫውን፣ ማሸጊያውንና ቱቦውን በጋራ ገዝተው ቢያስቀምጡ ባለ ጀልባው በቸገረው ጊዜ ርካሹን አይፈልግም። ጥፋት የተገኘበትንም ሰው አስቀድሞ ማስተማር፣ ያልሰማውን ከዚያ በኋላ መከልከል ይገባል።

የቱቦውና የማሸጊያው ዋጋ ከአዲስ የኋላ ግድግዳ ዋጋ ጋራ ሲተያይ ጥቂት ነው። ከአንድ ጭነት እህልም ያንሳል። ከአንድ ሰው ነፍስ ጋራ ግን የሚተያይ ዋጋ የለም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም። በሐይቅ ዳር የሚያስተዳድር ሹም የጀልባዎቹን ጥንካሬ ለመመርመር በወጣ ጊዜ ፊታቸውንና ቀለማቸውን አይቶ አይመለስ። ወደ ኋላቸው ዞሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ያችን ትንሽ ቀዳዳ ይመልከት።